ከመቀመጫ ሥር ያለው ጓዳ፦ የባለሸራ ጀልባን ዕቃ ማስቀመጫ ማደስ

ባለሸራ ጀልባ ያለው ሰው ስለ ሸራውና ስለ ነፋሱ ሲያወራ ይውላል። ስለ ጓዳው ግን ትንፍሽ አይልም። ጓዳ የምለው ከመሪው አጠገብ፣ ከመቀመጫው ሥር ያለውን ጥልቅ ጉድጓድ ነው። ጀልበኞቹ ኮክፒት ሎከር ይሉታል። ክዳኑን ስታነሱት ቀድሞ የሚቀበላችሁ ሽታው ነው። ከዚያ የተተበተበ ገመድ፣ ባልዲ፣ የውኃ ጎማ፣ ፌንደር (ጀልባዋ ከወደቡ ጋር እንዳትጋጭ በጎኗ የሚንጠለጠል ትራስ)፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ አንድ እግር ነጠላ ጫማ።

የእኔዋ 27 ጫማ ርዝመት ያላት የፋይበርግላስ፣ ማለትም በመስታወት ክር የተጠናከረ ፕላስቲክ፣ ጀልባ ናት። የተሠራችው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከአናፖሊስ ወደ ደቡብ፣ የቼሳፒክ ወሽመጥ ዳር ትታሰራለች። ጓዳውን ለማደስ ስነሳ ችግሩ ጥበት ብቻ መስሎኝ ነበር። ሦስት መደርደሪያ ልገጥም አስቤ ኮምፔንሳቶውን ሁሉ ገዝቼ ነበር። ዕቃው ሲወጣ ግን ሰው ተጋድሞ የሚያድርበት ቦታ አገኘሁ። ለካ ጨለማና እርጥብ ስለሆነ እጃችንን ለመስደድ ተጠይፈን ከላይ ከላዩ ስንከምርበት ኖረናል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሥራ አብዛኛው ማድረቅ ነው። መደርደሪያው መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ እሱም ትንሽ ነው።

አራት ቅዳሜ ያህል ያዙለት። በእኛ አካባቢ ለዚህ ሥራ ጥሩው ጊዜ ሚያዝያና ግንቦት፣ ወይም መስከረም መጨረሻ ነው። እኔ በሐምሌ ነው የሠራሁት። አትድገሙት።

1. ሁሉንም አውጡት

ግማሹን አውጥቶ ግማሹን ወደ ጥግ እየገፉ መሥራት የለም። ከማውጣታችሁ በፊት ግን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። የቱ ቱቦ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ የትኛው ሽቦ ከምን ጋር እንደተያያዘ በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

ዕቃውን ላስቲክ ዘርግታችሁ በሦስት ክምር ለዩት። አንዱ በየጉዞው የምትጠቀሙበት ነው። ሁለተኛው በዓመት አንዴ የምትፈልጉት። ሦስተኛው ለምን እንዳለ የማታውቁት። የእኔ ሦስተኛ ክምር ከሁለቱ ይበልጥ ነበር። ሥሩ ላይ ዝገት የበላው የመልህቅ ሰንሰለት ተገኘ፤ ሁለት ባልዲ ሞላ። ጀልባዋ ቆማ ሳለ ወደ ቀኝ ዘመም ስትል የእርጅና ነው ብዬ ትቼው ነበር። ሰንሰለቱ ሲወጣ ቀና አለች።

የቤንዚን ጄሪካን ካገኛችሁ ወዲያውኑ አውጡት፣ አትመልሱትም። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። ወደ ታች ወርዶ የጀልባዋ ወለል ሥር ይተኛል፤ ከዚያ የሚጠብቀው አንዲት ብልጭታ ነው። የምግብ ማብሰያው ፕሮፔን ጋዝም እንደዚሁ ነው። ሲሊንደሩ ከጀልባዋ ውስጥ ጋር የማይገናኝ፣ ከሥሩ በቱቦ ወደ ውጭ የሚተነፍስ የራሱ ሳጥን ያስፈልገዋል። ይሄ ጓዳ ያ ሳጥን አይደለም።

2. ከመግባታችሁ በፊት

ይህን ክፍል ዘላችሁ እንዳታልፉት። ጠባብ፣ አንድ መውጫ ብቻ ያለው ጉድጓድ ውስጥ ሆናችሁ አሴቶን (ቅባት የሚያነሳ ኬሚካል) እና ቀለም ልትተነፍሱ ነው። ብቻችሁን አትሥሩ። አንድ ሰው በቅርብ ይሁን፤ ቁጭ ብሎ ቡናውን ቢጠጣም ግድ የለም፣ ስትጠሩት ይስማ እንጂ። ንጹሕ አየር ከውጭ ወደ ውስጥ የሚነፋ ማራገቢያ አድርጉ። ማራገቢያው ራሱ ውጭ ይቀመጥ። ለቀለምና ለአሴቶን የአቧራ ማስክ ምንም አይረዳችሁም፤ ለኬሚካል ትነት የተሠራ ማጣሪያ ያለው ማስክ ግዙ። ማስክም ቢሆን አየር አይፈጥርም፤ ራስ ምታት ወይም መደንበዝ ከመጣ ውጡ።

የጀልባዋን ባትሪም፣ ከወደቡ የሚመጣውንም ኤሌክትሪክ አጥፉ። አሴቶን በብርድም ቢሆን የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል። አሴቶን ተጠቅማችሁ ትነቱ ሳይወጣ ትራፓኖ አታስነሱ።

ክዳኑን በገመድ ወደ ኋላ አስራችሁ አቁሙት። የማይረባ ምክር ይመስላል። ማጅራቴን ብትጠይቁት ግን ሌላ ነገር ይነግራችኋል።

ለልብስ ረጅም እጅጌ፣ ጓንት፣ መነጽር። ያረጀ ፋይበርግላስ ያልተለሰነው ጎኑ እንደ እሾህ ይወጋል፤ ብናኙ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ያሳክካል። ከመጀመራችሁ በፊት ክንዳችሁን የሕፃን ፓውደር ቀቡት። ስትጨርሱ ቀዝቃዛ ውኃ። ሙቅ ውኃ ቀዳዳውን ከፍቶ ብናኙን ያስገባዋል ይላሉ ሽማግሌዎቹ ጀልበኞች፤ እኔም በሙቅ ታጥቤ ተጸጽቻለሁ።

3. ውኃው ከየት ይመጣል?

ቀለም ቀብታችሁ ውኃው መምጣቱን ካላቆመ ቅዳሜያችሁን ለዓሣ ነው የሰጣችሁት። ስለዚህ መጀመሪያ ፍሳሹ።

ጓዳውን በደንብ አድርቁ። ከላይኛው መድረክ (ከጀልባዋ የላይ ወለል) ሥር፣ በየብሎኑ ዙሪያና በግድግዳው ላይ ፓውደር ነስንሱ። እናንተ የግንባር ባትሪ አድርጋችሁ ውስጥ ተቀመጡ። ጓደኛችሁ ከውጭ በጎማ ውኃ ያፍስስ። ግን ሁሉንም ባንድ ጊዜ አያጥለቅልቀው። ከታች ጀምሮ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አምስት ደቂቃ ያህል ያፍስስ፣ ከዚያ ትንሽ ከፍ ይበል። ከላይ ከጀመረ ውኃው በሁሉም ላይ ስለሚወርድ ጥፋተኛውን አትለዩትም። የሚገባው ውኃ ፓውደሩ ላይ መስመር አስምሮ ይወርዳል። መስመሩን ወደ ላይ ተከተሉት።

ብዙ ጊዜ የሚያፈሱት ቦታዎች አራት ናቸው፦ የክዳኑ ዙሪያ፣ ከውጭ የመያዣ አጥሩ የታሰረባቸው ብሎኖች፣ መድረኩ ከቀፎው (ውኃው ላይ ከሚቀመጠው የጀልባዋ አካል) ጋር የተጋጠመበት መስመር፣ እና ያረጁ ቱቦዎች። የእኔ ሁለት ብሎንና ክዳኑ ነበር።

ብሎን ሲያፈስ ከላይ ሲሊኮን መለጠፍ የሁላችንም ፈተና ነው። ተዉት። ሲሊኮን አንዴ የነካው ቦታ ላይ ቀለምም ኮላም አይይዝም፤ ለማስለቀቅ ደግሞ መከራ ነው። ብሎኑን ፍቱ። ዳዶው ውስጥ፣ ጭንቅላቱ ውጭ ስለሆነ አንዱ በቺያቤ ይዞ ሌላው በካቻቢቴ ያዞራል። አሮጌውን ማሸጊያ ፋቁ።

አሁን ቀዳዳውን በባትሪ እዩት። የብዙ ፋይበርግላስ ጀልባዎች መድረክ እንደ ሳንዱች ነው፤ በሁለት ሽፋን መሀል ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት ወይም ኮምፔንሳቶ አለ። ቡናማ ውኃ ከወጣ ወይም እንጨቱ በጥፍር ከተጫረ ውስጡ በስብሷል፤ እሱ የሌላ ቀን፣ ከዚህ የሰፋ ሥራ ነው። ደረቅ ከሆነ ግን ቀዳዳውን በትራፓኖ አስፉት፣ ከሥር በቴፕ ዝጉት፣ በወፈረ ኢፖክሲ (ከማጠንከሪያ ጋር ተበጥብጦ እንደ ድንጋይ የሚደርቅ ሙጫ) ሙሉት። ሲደርቅ መሀሉን በብሎኑ ልክ ብሱት። ከእንግዲህ ውኃ ቢገባ እንኳ እንጨቱን አያገኘውም።

ብሎኑን ስትመልሱ ቡቲል ቴፕ ተጠቀሙ። የታኘከ ማስቲካ የመሰለ ግራጫ ወይም ጥቁር ነገር ነው፤ አይደርቅም፣ አይሰነጠቅም። ጭንቅላቱ ሥር ጠምጥሙት፣ ከሥር ሰፊ ሮንዴላ አድርጉ፣ ቀስ ብላችሁ አጥብቁ። በማግስቱ ትንሽ ጨምሩ። በሳምንቱም እንዲሁ። ባንዴ ካጠበቃችሁት ቡቲሉ ሁሉ ተጨምቆ ይወጣል። ስሪኤም 5200 የሚባለውን ማጣበቂያ የሚመክራችሁ ሰው አይጠፋም። ጎበዝ ማጣበቂያ ነው፣ ጠላቴ ግን እሱ ነው። በእሱ የተጣበቀ ነገር ሲላቀቅ ፋይበርግላሱን ይዞ ይነሳል።

ቱቦዎቹን በእጃችሁ እያጎበጣችሁ ፈትሹ። ከተሰነጠቁ ቀይሩ። ከውኃ መስመር በታች ያለ ቱቦ ጫፍ ላይ ቦታው ከበቃ ሁለት ሁለት ፋሼታ እሰሩ፤ ፋሼታው ሙሉ በሙሉ የማይዝግ ብረት ይሁን። ብዙ ጊዜ ማሰሪያው አይዝግም፤ የምትዞረዋ ብሎን ግን ትዝጋለች። ማግኔት ይዛችሁ ገበያ ብትሄዱ አይከፋም፤ አጥብቆ የሚስባትን ተዉአት።

4. እጠቡ፣ ፋቁ

በሙቅ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጀምሩ። ሻጋታውን በኮምጣጤ ጥረጉት። በረኪና ከኮምጣጤ ጋር እንዳታገናኙ፤ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፣ እናንተ ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ ናችሁ። እጣቢው ዘይት ካለው በፓምፕ ወደ ውጭ አትልቀቁት። በአሜሪካ ሕግ ክልክል ነው፤ ውኃው ላይ የምትታየው ቀስተ ደመና ትመሰክርባችኋለች። ዘይት በሚመጥ ጨርቅ አንሱት።

ሲደርቅ በአሴቶን ጥረጉ፣ ከዚያ በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ፋቁ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። ቅባቱ ሳይነሳ ከፋቃችሁት ቅባቱን ወደ ጭረቱ ውስጥ ነው የምታሹት። አሴቶን የነካ ጨርቅ ጓዳው ውስጥ አትተዉ።

ሃያ ደቂቃ ሠርታችሁ ውጡ። ጀርባ የሚባል ነገር እንዳላችሁ የምታውቁት ያኔ ነው።

5. የላላውን ማሰር

ጓዳውን ከሞተሩ ወይም ከመኝታው የሚለየው የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ከቀፎው ጋር የተያያዘው በፋይበርግላስ ጨርቅ ነው። በዕድሜ ብዛት ጨርቁ ይለቃል። በጣታችሁ አንኳኩ። ባዶ ድምፅ ካሰማ፣ ወይም ስትገፉት ከተነቃነቀ፣ የለቀቀውን ቆርጣችሁ አንሱና በአዲስ ተኩ።

እዚህ ላይ ኢፖክሲ ይሻላል፤ ጀልባዋ በተሠራችበት አሮጌ ሙጫ፣ በፖሊስተር ላይ በደንብ ይይዛል። እኔ የተጠቀምኩት ዌስት ሲስተም ነው፦ 105 ሬዚን፣ ከዝግተኛው 206 ማጠንከሪያ ጋር፣ 5 ለ1። ልኬቱ እንደ ወጥ ጨው በእጅ ግምት አይሆንም። ቶሎ እንዲደርቅ ብላችሁ ማጠንከሪያ ብትጨምሩ ጭራሽ ሳይደርቅ ይቀራል።

ጥቂት ጥቂት በጥብጡ። ኢፖክሲ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ ኩባያ ውስጥ ተከማችቶ ከቆየ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ይፈላል። በዚያ በሐምሌ ቀትር አንድ ሙሉ ኩባያ በጥብጬ ስልክ አነሳሁ። እህቴ ነበረች፣ ከአዲስ አበባ። "እንዴት ነህ" ተባብለን ሳንጨርስ ኩባያው ጭሶ የእጄን ጓንት አቀለጠው። ስለዚህ በጥብጣችሁ ወዲያው ወደ ሰፊ ትሪ ገልብጡት። ስልኩንም ለጓደኛችሁ ስጡት።

ጥጉን መጀመሪያ ሲሊካ በሚባለው ነጭ ዱቄት ባወፈራችሁት ኢፖክሲ ሙሉት። ውፍረቱ ማንኪያ እንደሚያቆም ገንፎ ይሁን። በማንኪያ ጀርባ አለስልሱት፣ ጥጉ ክብ ይሁን። የፋይበርግላስ ጨርቅ ሹል ጥግ ላይ አይታጠፍም፣ አየር ይዞ ይነሳል። ገንፎው ገና ሳይደርቅ 10 ሴንቲ ስፋት ያለው ጨርቅ፣ በላዩ ላይ 15 ሴንቲ የሚሆነውን አልብሱ። ጨርቁ ኢፖክሲውን ጠጥቶ መስታወት ሲመስል በቃው።

በማግስቱ ስትነኩት ሰም የመሰለ የሚያዳልጥ ነገር ሊኖር ይችላል። በተራ ውኃና በሻካራ የዕቃ መፈተጊያ ይታጠባል። ሳታጥቡት ከፋቃችሁ ወይም ከቀባችሁ ቀለሙ ይልጣል።

6. ነጭ ቀለም

ነጭ። ሌላ አትምረጡ። ግራጫ ቆሻሻ ይደብቃል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን እንዲደበቅልኝ አልፈልግም። ነጭ ጓዳ ውስጥ የወደቀች ሮንዴላ ትታያለች፣ አዲስ የጀመረ ፍሳሽም ይታያል። ለጀልባ ወለል ሥር የሚሠራ ባለ አንድ ቆርቆሮ፣ ማለትም ማጠንከሪያ የማይቀላቀልበት፣ ቀለም ይበቃል። የቤት ግድግዳ ቀለም አይሆንም።

ከሩቁ ጥግ ጀምራችሁ ወደ መውጫው ቅቡ። 10 ሴንቲ ሮለር ረጅም እንጨት ላይ እሰሩ፣ ጥጋጥጉን በብሩሽ። ሁለት እጅ ይበቃል፤ በመሀል ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ጠብቁ። ቱቦዎችን፣ የጎማ ማሸጊያዎችንና የቫልቭ እጀታዎችን አትቀቡ።

7. አየር

ጣና ላይ የደንገል ታንኳ ሠርቶ ሲመለስ ከውኃ ወጥቶ እንዲደርቅ ይደረጋል። ደንገሉ ውኃ ስለሚጠጣ፣ ካልደረቀ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። የፋይበርግላሷ ጀልባ ባለቤት ግን ፕላስቲክ ነች ብሎ ይዘናጋል። ቀፎው እንደ ደንገል ውኃ ባይጠጣም ይቀዘቅዛል፤ የውስጡ እርጥብ አየር ሲነካው ላብ ይሆናል። ቀፎውን የነካ ሸራና ገመድ በዚያው ይሻግታል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከሥር ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ የፕላስቲክ ምንጣፍ፣ በጎን ደግሞ በዕቃውና በቀፎው መሀል ሁለት ሦስት ሴንቲ ክፍተት የሚተዉ ቀጫጭን ጣውላዎች። ጓዳውን ከመኝታው የሚለየው ግድግዳ ላይ ቀዳዳ እበሳለሁ ካላችሁ ግን ቆም በሉ። በጎኑ ሞተር ወይም የነዳጅ ታንክ ካለ የጭስና የነዳጅ መንገድ ነው የምትከፍቱት። እኔ አልበሳሁም። ወደቡ ላይ ስንሆን ክዳኑን ገርበብ አድርጌ እተወዋለሁ።

8. መደርደሪያው

ትልቁን ቂልነቴን እዚህ ነው የሠራሁት። ለክቼ፣ ቆርጬ፣ ጠርዙን አለስልሼ፣ ሦስት ጊዜ ኢፖክሲ አጠጥቼ አንድ ወጥ መደርደሪያ ሠራሁ። በጣም ያምር ነበር። በክዳኑ አፍ አልገባም። በቁም አልገባም፣ በሰያፍ አልገባም፣ በቁጣም አልገባም። ከመጋዝ በፊት አፉን ለኩ። አብዛኛውን ጊዜ መደርደሪያው ሁለት ቦታ ተቆርጦ ውስጥ መጋጠም አለበት።

ቀፎው ጎባጣ ስለሆነ በሜትር ብቻ አይለካም። ካርቶን ወደ ቀጫጭን ቁራጭ ቁረጡ። እያንዳንዱን ቁራጭ ጫፉ ቀፎውን እስኪነካ ገፍታችሁ እርስ በርስ በትኩስ ኮላ አጣብቁ። ሲያልቅ የጓዳውን ቅርጽ የያዘ ካርቶን ታወጣላችሁ፤ እሱን ኮምፔንሳቶ ላይ ገልብጡት። 12 ሚሊ ይበቃል። የጠርዙን እንጨት ኢፖክሲ እስኪጠግብ አጠጡት፣ የብሎን ቀዳዳውንም ጭምር፤ ኮምፔንሳቶ የሚሞተው ከጠርዙ ነው።

ቀፎው ላይ ቪቴ አትምቱ። ባጭሩ፣ በጭራሽ። ጫፉ ወደ ወሽመጡ ሊወጣ ይችላል። ትናንሽ የእንጨት ድጋፎች በኢፖክሲ ቀፎው ላይ አጣብቁና ቪቴውን እነሱ ላይ ምቱ። መደርደሪያውም በቪቴ ብቻ ይያዝ፣ በኮላ አይደለም። የቱቦ መዝጊያ ቫልቮች ከሥሩ ካሉ እጃችሁ ሳትፈቱት መድረስ አለበት። ቱቦ ሌሊት ቢፈነዳ ቪቴ የምትፈቱበት ጊዜ አይኖራችሁም። ቫልቭ ከመድረስና መደርደሪያ ከማግኘት ካማረጣችሁ መደርደሪያው ይቅር። እኔ ካሰብኳቸው ከሦስቱ የገጠምኩት አንዱን ነው።

ቀሪውን ሥራ መንጠቆ ይሠራል። ገመድ ተጠቅልሎ ይሰቀል፣ መሬት አይጣል። ትናንሽ ዕቃዎች በመረብ ከረጢት። አፉ አጠገብ ባለ 12 ቮልት ኤልኢዲ መብራት ከነፊውዙ ግጠሙ፤ ከሁሉም በላይ ልባችሁን የሚያሞቀው እሱ ነው።

9. ክዳኑ

አሮጌውን ጎማ አንሱ፣ ጠርዙን በአሴቶን አጽዱ፣ አዲስ የጎማ ማሸጊያ ለጥፉ። መገጣጠሚያው ውኃ በማይወርድበት በማጠፊያው በኩል ይሁን። ከዚያ የክዳኑን ከንፈር ዙሪያውን በጠመኔ ቅቡት፣ ዝጉት፣ ክፈቱት። ጎማው ላይ ጠመኔ ያልነካው ቦታ ካለ ውኃ የሚገባው በዚያ ነው። ከሥሩ ቀጭን ጎማ ጨምሩለት።

ማዕበል ላይ ክዳኑ እንዳይከፈት መቆለፊያ ያስፈልጋል፤ በተከፈተ ክዳን የሚገባ ማዕበል ቀጥታ ወደ ጀልባዋ ሆድ ነው የሚሄደው። ነገር ግን በራሱ ቀጭ ብሎ የሚዘጋ አትግዙ። ልጆች ድብብቆሽ ሲጫወቱ የመጀመሪያ ምርጫቸው ይሄ ጓዳ ነው።

10. መመለስ

ከባዱ ከታች፣ ወደ ጀልባዋ መሀል። መጀመሪያ የሚፈለገው ከላይ። የሕይወት አድን ጃኬቶች በቀላሉ የሚገኙ መሆን እንዳለባቸው የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ደንብ ያዛል፤ ከገመድ ክምር ሥር ያለ ጃኬት በቀላሉ የሚገኝ አይባልም። ባለ 16 ጫማና ከዚያ በላይ ጀልባ ላይ የሚወረወር ተንሳፋፊ ትራስ ወይም ቀለበት ግዴታ ነው። እሱ ጓዳ ውስጥ አይገባም፤ እጅ ሥር ውጭ ይቀመጣል።

ሁለተኛውን ክምር፣ የዓመት አንዴውን፣ ቤት ወሰድኩት። ሦስተኛውን ባለቤቴ ለማንም ሳትነግር ጨረሰችው። ሰንሰለቱን ግን አስቀርቼዋለሁ፤ አሁን ጋራዡ ውስጥ ነው፣ በቀኝ በኩል።